«ጠፋ» የተባለው መዝገብ ከወዴት ይገኛል?

የሰኔ ዝናብ መሬቱን ካራሰው ሦስተኛ ቀኑ ነው። በአንድ የደጋ ቀበሌ፣ በገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ደጃፍ ላይ፣ አህያቸውን እየነዱ ከየጎጡ የመጡ ገበሬዎች ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ተራ ይዘው ቆመዋል። ማዳበሪያው ገብቷል፤ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥና ንብረት ክፍሉም በቦታቸው ናቸው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የስም ዝርዝሩ።

ዝርዝሩ የሰብል ልማት ሠራተኛዋ በበጋው ወራት ከጎጥ ጎጥ እየዞረች ያሰባሰበችው ነው። የእያንዳንዱ ገበሬ ስም፣ የሚያርሰው መሬት ስፋት፣ የጠየቀው የኤን ፒ ኤስና የዩሪያ መጠን፣ የከፈለበትም የደረሰኝ ቁጥር በኤክሴል ተመዝግቦ በፍላሽ ተቀምጦ ነበር። በዚያን ዕለት ጠዋት ፍላሹን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ስትሰካው ግን ፎልደሮቹ ሁሉ በአቋራጭ ምልክት ተተክተው አገኘች። በውስጣቸው የነበረው መዝገብ የለም።

ወሬው ከደጃፉ ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም። አንድ ጠና ያሉ ገበሬ ወደ ውስጥ ዘልቀው «ልጄ፣ እኔ በጥር ወር ከፍዬ ጨርሻለሁ። መዝገቡ ከሌለ እኔም የለሁም ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ልጅቱም «የለም አባባ፣ መዝገቡን ሳልፈልግ ጠፋ አልልዎትም፤ ጥቂት ይታገሡኝ» ስትል መለሰች።

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ዝርዝሩ ካልተገኘ እደላው መጀመሪያ ለደረሰ ይሆናል፤ የሩቅ ጎጥ ገበሬ፣ አህያ የሌላት እማወራ፣ ታሞ የተኛ ሰው ድርሻቸው ለሌላ ይሄዳል። ማዳበሪያ ደግሞ ቀን አይሰጥም። ኤን ፒ ኤስ ከዘር ጋር ወደ መሬት የሚገባ ነው፤ በውስጡ ያለው ፎስፈረስ ሥሩ በሚያቆጠቁጥበት ጊዜ ካልተገኘ፣ ቡቃያው ከፍ ካለ በኋላ ቢበተን ጥቅሙ እምብዛም ነው። ከዚህም በላይ «ዝርዝሩን ሆን ብለው አጠፉት» የሚል ሐሜት አንድ ጊዜ ከተነሣ፣ የልማት ሠራተኛዋ በዓመታት ያፈራችውን አመኔታ በአንድ ጠዋት ይወስደዋል።

ይህን የመሰለ ችግር በአንድ ቀበሌ ብቻ የሚታይ አይደለም። ዛሬ የገጠሩ መዝገብ ከደብተር ወደ ስልክና ኮምፒውተር እየተሸጋገረ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ፎቶግራፍ፣ የእንስሳት ክትባት መዝገብ፣ የማኅበር አባላት የዕጣ ዝርዝር፣ የተፋሰስ ሥራ ሪፖርት በአንድ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ይገኛል። በመሆኑም የተሰወረ ፋይልን መፈለግና መመለስ ከእርሻ ሥራው ጋር አብሮ ሊታወቅ የሚገባው ሙያ ሆኗል። ሥርዓት ይዞ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ «ጠፋ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው አልጠፋም፤ ተቀምጧል፣ ተሰውሯል ወይም በሌላ ሰው ዘንድ አለ።

ከሁሉ በፊት እጅን መሰብሰብ

አንድ ፋይል ሲሰረዝ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት የእህል ጉድጓድን ማሰብ ይበቃል። እህሉን በጉድጓድ የቀበረ ገበሬ በአፉ ላይ ምልክት ያኖራል። ምልክቱ ቢነሣ እህሉ ወዲያው አይጠፋም፤ ነገር ግን ቦታው ባዶ መስሎት ሌላ ሰው ቢቆፍረውና የራሱን እህል ቢገለብጥበት የመጀመሪያው እህል ተበላሸ ማለት ነው።

ኮምፒውተርም እንደዚሁ ነው። ፋይል ሲሰረዝ በተለመደው ሃርድ ዲስክ፣ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ላይ በቅድሚያ የሚነሣው ምልክቱ ነው። ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል። ስለዚህ መዝገብ የጠፋበት ሰው የመጀመሪያ ተግባሩ በዚያው ዕቃ ላይ አዲስ ነገር አለመጻፍ ነው። ፎቶግራፍ አለማንሳት፣ ፊልም አለመጫን፣ አዲስ ፕሮግራም አለማስገባት ማለት ነው።

በተለይም ፍላሽ ሲሰካ «ከመጠቀምዎ በፊት ዲስኩን ፎርማት ማድረግ አለብዎት» የሚል ማሳሰቢያ በመጣ ጊዜ በችኮላ እሺ ማለት አይገባም። ዕቃውን ነቅሎ ማስቀመጥና በሌላ ኮምፒውተር ላይ መሞከር ይቀድማል።

የተሰወረና የጠፋ ለየቅል ናቸው

የልማት ሠራተኛዋ ፍላሽ የገጠመው ችግር በየጽሕፈት ቤቱና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የተለመደ ነው። አንዳንድ ቫይረሶች ፎልደሮችን አይሰርዙም፤ ይሰውሯቸዋል። በምትካቸውም ተመሳሳይ ስም ያለው አቋራጭ ያኖራሉ። ሰው አቋራጩን ሲጫን ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል፤ ከዚያም የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። አንዳንዱ ቫይረስ ደግሞ ፋይሎቹን ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ይሰበስባቸዋል።

መዝገቡ በውስጡ እንዳለ የሚታወቅበት ምልክት አለ። የፍላሹን ምልክት በቀኝ የማውስ ቁልፍ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ሲከፍቱ ምን ያህል ቦታ እንደተያዘ ያሳያል። ፍላሹ ባዶ መስሎ እየታየ ብዙ ቦታ ተይዞ ከሆነ ፋይሎቹ አሉ ማለት ነው።

እንግዲህ አቋራጮቹን ሳይነኩ ፍላሹን በታደሰ ጸረ ቫይረስ መመርመር ነው። ቀጥሎ በዊንዶውስ የፋይል መመልከቻ «ቪው» በሚለው ሥር «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል። ቫይረሱ ፎልደሮቹን እንደ ሲስተም ፋይል ጭምር ምልክት ስለሚያደርግባቸው ይህ ብቻ ላይበቃ ይችላል፤ በፎልደር አማራጮች ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን የሚሰውረውን ምልክት ለጊዜው ማንሳት የግድ ይሆናል። ሙያው ያላቸው ሰዎች «አትሪብ» በሚባለው ትእዛዝ የመሰወሪያውን ምልክት ከሁሉም ፎልደሮች ላይ በአንድ ጊዜ ያነሡታል።

በዚህ መንገድ የልማት ሠራተኛዋ ፎልደር ተገኘ። በውስጡ የነበረው ዝርዝር ግን የጥር ወር ነበር። ከዚያ በኋላ ወረዳ ሄዳ የሁለት ጎጦችን ገበሬዎች ጨምራበታለች። የተጨመረው ዝርዝር በፍላሹ ላይ አልነበረም። የእነዚያ ጎጦች ገበሬዎች ደግሞ ረዥሙን መንገድ ተጉዘው በደጃፉ ላይ ቆመዋል።

በኮምፒውተር ላይ ፍለጋ

ፍለጋው ወደ ኮምፒውተሩ ተሻገረ። በዚህ ረገድ ብዙ ሰው ከሚስትባቸው ነገሮች አንዱ ቀን ነው። ኮምፒውተሩ ፋይልን የሚመዘግበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በመሆኑ፣ ለምሳሌ በመጋቢት 2016 የተጻፈ ዝርዝር ከማርች 10 እስከ ኤፕሪል 8 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገኛል። በአእምሮው መጋቢትን ይዞ «3ኛ ወር» ወይም «7ኛ ወር» እያለ የሚፈልግ ሰው መዝገቡን አጠገቡ እያለ ያልፈዋል። በተጨማሪም የውስጥ ባትሪው ያለቀበት ኮምፒውተር መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ትናንት የተጻፈው ፋይል ከብዙ ዓመት በፊት እንደተጻፈ ሆኖ ከዝርዝሩ ግርጌ ሊቀመጥ ይችላል።

ስሙ የተረሳ ፋይል በዓይነቱ ይፈለጋል። በፍለጋው ሣጥን ውስጥ የኤክሴል ወይም የዎርድ ፋይል መጨረሻ ላይ የሚገኙትን ፊደላት መጻፍ የዚያን ዓይነት ፋይሎች ሁሉ ያወጣል። በፋይሉ ውስጥ እንዳለ የሚታወቅ የአንድ ገበሬ ስም መጻፍም ሊረዳ ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው ቅርጫቱ፣ ማለትም «ሪሳይክል ቢን» ነው። ከኮምፒውተሩ ዲስክ የተሰረዘ ፋይል በዚያ ስለሚቆይ «ሪስቶር» ሲባል ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከፍላሽ ላይ የተሰረዘ ፋይል ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደዚህ ቅርጫት ስለማይገባ በቅርጫቱ ውስጥ አለመገኘቱ ተስፋ አያስቆርጥም። ሳይቀመጥ መብራት የሄደበት ጽሑፍም ቢሆን በዎርድና በኤክሴል ውስጥ «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኢንፎ» በሚለው ገጽ ያልተቀመጡ ሰነዶችን ለማውጣት በተዘጋጀው ስፍራ ሊገኝ ይችላል።

የቀበሌው ኮምፒውተር በዚህ ሁሉ ተፈተሸ። የተጨመረው ዝርዝር አልተገኘም። ከረፋዱ 4 ሰዓት ሆነ።

አርካይቭ ቅርጫት አይደለም

የቀረው ስልኩ ነበር። በስልክ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግረው «አርካይቭ» የሚለው ቃል ነው። አርካይቭ ማድረግ መሰረዝ አይደለም፤ ከፊት አንሥቶ ወደ ማኅደር ማስገባት ነው። ልክ ያለፈውን ዓመት ደብተር ከጠረጴዛ ላይ አንሥቶ በሣጥን እንደ ማኖር ይቆጠራል። ጣት ሳት ብሎ አርካይቭ የተደረገ ነገር ከዓይን ይሰወራል እንጂ ቀን ተቆጥሮበት አይጠፋም።

በቴሌግራም የተሰወሩ ቡድኖችን ለማየት የመልእክቱን ዝርዝር ወደ ታች ሳብ ማድረግ በቂ ነው፤ ማኅደሩ ከላይ ብቅ ይላል። በዋትስአፕም እንዲሁ ከመልእክቶቹ ራስጌ ይገኛል። በጂሜይል አርካይቭ የተደረገ ደብዳቤ «ኦል ሜይል» በሚለው ሥር አለ። በጉግል ፎቶስ ደግሞ አርካይቭ የተደረገ ፎቶግራፍ ከዋናው ገጽ ይጠፋ እንጂ በአርካይቭ ገጹ ላይ ይታያል፣ በፍለጋም ይመጣል።

የተሰረዘ ነገር ግን ቀን አለው። በጉግል ፎቶስ ቀድሞ በመለያው ላይ የተጠራቀመ ፎቶግራፍ ከተሰረዘ በኋላ በቅርጫቱ 60 ቀን ይቆያል፤ በስልኩ ላይ ብቻ የነበረው 30 ቀን ነው። የጂሜይልና የጉግል ድራይቭ ቅርጫትም 30 ቀን ነው። በአይፎን «ሪሰንትሊ ዲሊትድ» በሚለው ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ያህል ነው። እነዚህ ቀናት ካለፉ በኋላ የሚደረገው ፍለጋ እጅግ ከባድ ስለሚሆን፣ መዝገብ መጥፋቱን ያወቀ ሰው ነገ ዛሬ ሳይል ቅርጫቱን መክፈት ይጠበቅበታል።

በቴሌግራምና በዋትስአፕ መካከልም ልዩነት አለ። ቴሌግራም የተላከውን ፋይል በራሱ ማዕከል ስለሚያኖር ስልኩ ሲሞላ «ካሽ» ቢጸዳ እንኳ ፋይሉን እንደገና ማውረድ ይቻላል። ላኪው ከሁሉም ዘንድ ካጠፋው ግን ይህ አይሆንም። ዋትስአፕ ግን ፋይሉን በዋናነት በስልኩ ላይ የሚያኖር በመሆኑ፣ ከስልኩ ከተሰረዘ የሚሻለው ላኪውን ወይም አብሮ የተቀበለውን ሰው እንደገና እንዲልክ መጠየቅ ነው።

የልማት ሠራተኛዋ ያሰበችው ይህን ነበር። በመጋቢት ወር የተሟላውን ዝርዝር ወደ ወረዳው የሰብል ባለሙያዎች የቴሌግራም ቡድን ልካ ነበር። ቡድኑ ቀኑን ሙሉ ስለሚያንጫጫ ኋላ ድምፁን ዘግታ አርካይቭ አድርጋዋለች፤ ከዚያም ረስታዋለች። ማኅደሩን ስባ ከፈተችው፤ የቡድኑን ስም ተጭና «ፋይልስ» የሚለውን ስትመለከት ዝርዝሩ ከብዙ ደብዳቤና ሪፖርት መካከል በዚፕ ታስሮ ተገኘ።

የታሰረን ነዶ መፍታት

ዚፕ ማለት ብዙ ፋይሎችን በአንድነት አስሮና አሳንሶ ለመላክ የሚያገለግል ዘዴ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1989 በፊል ካትዝ የተዘጋጀ ነው። እንደ ነዶ ነው፤ ታስሮ ይጓዛል፣ ተፈትቶ ይወቃል። ዊንዶውስ ዚፕን በራሱ ይፈታል። «ራር» የሚባለውን ሌላውን ዓይነት ግን ዊንዶውስ 11 በራሱ መክፈት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2023 በመሆኑ፣ በቆዩ ኮምፒውተሮች ላይ ልዩ ፕሮግራም ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ የሚሻው ነገር አለ። በዚፕ ውስጥ ያለን ፋይል ሳይፈቱ ከፍቶ ማረም አደጋ አለው። የታረመው በጊዜያዊ ስፍራ ይቀመጥና ሰውየው ተመልሶ ሲፈልገው አሮጌውን ያገኛል። ብዙ ሰዓት የተደከመበት ሥራ በዚህ ምክንያት ይጠፋል። ስለዚህ «ኤክስትራክት ኦል» በሚለው አስቀድሞ ወደ ፎልደር አውጥቶ ከዚያ መሥራት ይገባል። ልጅቱም እንዲሁ አደረገች፤ ሁለቱ ጎጦች ከነደረሰኝ ቁጥራቸው በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ።

በእውነት የተሰረዘ ከሆነስ?

ከቅርጫትም ከማኅደርም የታጣ፣ በሌላ ሰው ዘንድም የሌለ ፋይል ሲያጋጥም የመመለሻ ፕሮግራሞች አሉ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው «ዊንዶውስ ፋይል ሪከቨሪ» እና «ፎቶሬክ» የተባለው ፕሮግራም ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ፎቶሬክ ፋይሉን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በይዘቱ አጀማመር በመሆኑ፣ የሚመልሳቸው ፋይሎች የቀድሞ ስማቸውን አይዙም፤ አንድ በአንድ ከፍቶ መለየት ትዕግሥት ይጠይቃል። በማናቸውም ሁኔታ ፕሮግራሙን ፋይሉ በጠፋበት ዕቃ ላይ መጫን፣ የተመለሰውንም በዚያው ላይ ማስቀመጥ አይገባም።

የእነዚህ ፕሮግራሞች አቅምም ወሰን አለው። «ኤስ ኤስ ዲ» የተባለው ዲስክ ያላቸው ኮምፒውተሮች የተሰረዘውን ስፍራ ቶሎ የሚያጸዱ ስለሆነ ዕድሉ ጠባብ ነው። በዘመናዊ ስልኮች የውስጥ ማኅደረ ትውስታ ደግሞ ይዘቱ በምስጢር የተቆለፈ በመሆኑ፣ ቅርጫቱ ከተጸዳ በኋላ በፕሮግራም የሚመለስ ነገር እምብዛም የለም። በስልኩ ላይ የተጨመረው ሚሞሪ ካርድ ግን ተነቅሎ በኮምፒውተር ሊሞከር ይችላል። በመሆኑም «ከስልክህ ማናቸውንም ነገር እመልሳለሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ ከመስጠት በፊት ማሰብ ያሻል። የገበሬዎች ስም፣ የይዞታ ቁጥርና ፎቶግራፍ ያለበትን ስልክ ለማያውቁት ሰው ትቶ መሄድም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ተገኝቶ የማይነበበው

በየወረዳው ያሉ አሮጌ ኮምፒውተሮችና ሲዲዎች ሌላ ዓይነት ችግር ይዘዋል። የቀድሞ የእርከን ሥራ፣ የዘር ሥርጭትና የቀበሌ ጥናት ፋይሎች ተገኝተው ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናሉ። ይህን ያየ ሠራተኛ ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ይሰርዘዋል። ፋይሉ ግን ደኅና ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ለዓመታትም ከዚያ በኋላ፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ሲጻፍ እያንዳንዱ የራሱ የፊደል አቀማመጥ ነበረው። ፊደሉ በኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው ይመስላል። መፍትሔው ጽሑፉ የተጻፈበትን ፊደል መጫን፣ ጽሑፉን መርጦ በዚያ ፊደል ማሳየት፣ ከተነበበም በኋላ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። እስከዚያው ድረስ ዋናውን ሳይነኩ በቅጂው ላይ መሥራት ተገቢ ነው።

ሦስት ቅጂ፣ አንድ ልማድ

በቀበሌው እደላው የተጀመረው ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ነበር። ዝርዝሩ ታትሞ በመጋዘኑ በር ላይ ተለጠፈ። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው አነበበ። እኒያ ጠና ያሉ ገበሬ ስማቸውን በጣታቸው ከነኩ በኋላ ማዳበሪያቸውን ጭነው ሄዱ። የሁለቱ ጎጥ ገበሬዎችም ሳይመሽ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ከዚህ ጠዋት ብዙ ትምህርት ይገኛል። አንድ መዝገብ በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ከኖረ መዝገብ አለ ለማለት አይቻልም። ቢያንስ ሦስት ቅጂ ሊኖር ይገባል፤ አንዱ በኮምፒውተር፣ ሌላው በተለየ ዕቃ፣ ሦስተኛው ከዚያ ቤት ውጭ ለምሳሌ በኢንተርኔት ማከማቻ ወይም በወረዳው ዘንድ። የፋይሉ ስም የቀበሌውን ስም፣ የሥራውን ዓይነትና ዓመተ ምሕረቱን ቢይዝ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ሌላ ሠራተኛም ያገኘዋል። የታተመው ወረቀትም አይናቅ፤ ወረቀት ቫይረስ አይዘውም፣ መብራትም አይጠይቅም። በየወሩ አንድ ጊዜ ደግሞ ቅጂው በእርግጥ የሚከፈት መሆኑን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ያልተፈተሸ ጎተራ ነቀዝ እንደሚገባው ሁሉ ያልተፈተሸ ቅጂም በችግር ቀን ባዶ ሆኖ ይገኛልና።

ገበሬው ዘሩን ከምግቡ ለይቶ በተለየ ስፍራ የሚያኖረው የክፉ ቀን እንዳይደርስበት ነው። የገበሬው ስም የሰፈረበት መዝገብም ለሚመጣው ወቅት እንደ ዘር ስለሆነ፣ የሚጠብቀው የልማት ሠራተኛም በዚያው ጥንቃቄ ሊይዘው ይገባል።